የአባባ ሙቅ ውሃ

ታኅሣሥ 3 ቀን

ለወንድም ጋሼ፦

ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ጤናህን ይጠብቅልን፤ የምትወጣበትን ጣሪያ ሁሉ በሰላም ያውርድህ። እኛም ደህና ነን፣ ደህና ማለት የሚቻለውን ያህል።

ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን ስልክ ላይ ሁለታችንም ድምፃችን ከፍ ይላል፤ የአባባ አልጋ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ነው፣ ሁሉን ይሰማሉ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ይሁን።

የላክኸው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ማሞቁን ትቷል። ግንቦት ላይ ሲተከል እንዴት እንደነበር ጽፌልሃለሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። የተከለው ጠብታ ነው። የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ፣ የጠገነው ነገር ሁሉ አንዲት ጠብታ ስለማያጣው በዚህ ስም የምንጠራው። አንተ የሳልከውን ሥዕል በአንድ እጁ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ፣ ቁመቱንም እንዳልከው ቀና አድርጎ አሰረው። አባባን ከነወንበራቸው ተሸክመን ግቢ አውጥተናቸው ነበር። አንጋጠው ብዙ ካዩ በኋላ "በደንብ ታስሯል" አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

እስከ ጥቅምት ውሃው እጅ ያቃጥል ነበር። ብርዱ ከገባ ወዲህ ግን ለብ ያለ ነው የሚወርደው፤ ጠዋት ላይማ ለብም አይልም።

ነርሷ ያለችውን ታውቃለህ። ከታመሙ ወዲህ የሰለለው ግራ እግራቸው በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት በሙቅ ውሃ ተዘፍዝፎ ካልታሸ ጅማቱ ይኮማተራል፤ አንዴ ከተኮማተረ አይዘረጋም፣ መቆም የሚባል ነገር ይቀራል። ሶላሩ የመጣውም ለዚሁ ነው። አሁን ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዴ በፊት በምድጃ ላይ በድስት በድስት አሞቃለሁ። ሁለተኛው እስኪሞቅ የመጀመሪያው ይቀዘቅዛል። ሥራ ስደርስ አለቃዬ ሰዓቱን አይቶ ያልተጠረዘውን ክምር ወደ እኔ ይገፋል።

ምን ላድርግ? አንተ እዚያ የሰው ጣሪያ ላይ ይህንኑ ስትጠግን ነው የምትውለው። ብትመጣ የአንድ ቀን ሥራህ ነው፤ አባባም ዓይንህን ያያሉ።

እህትህ


ጥር 9 ቀን

ለእህቴ ለሚጢ፦

እንደምን አላችሁ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራ ብቻ ወገቤን ይዞታል። አሁን የሥራ ወቅት ነው፣ ለዚህ ነው የዘገየሁት። ስለ መምጣቱ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

በመጀመሪያ አትደንግጪ። እዚህ ሠራተኞቹ "ዶክተር" ነው የሚሉኝ፤ በሽታውን ሳይለይ ቁልፍ የማያነሳ ሰው ነኝ። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ይህ ዕቃ ሞተር የለውም፣ ውሃው በራሱ ነው የሚዞረው። ቀዝቃዛው ከታንከሩ ግርጌ ወደ ሶላሩ ይወርዳል፤ ፀሐይ ስታሞቀው ይቀልና በላይኛው ቧንቧ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ይኸው ነው ምሥጢሩ። ዙረቱ የተሰናከለበትን ቦታ ማግኘት ብቻ ነው።

በጠራራ ፀሐይ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ውጪና መስታወቱን እጠቢው፣ አቧራ ብዙ ይሰርቃል። ከዚያ ላይኛውን ቧንቧ በጨርቅ ያዥው። የሚያቃጥል ከሆነ ሶላሩ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱ ያለው ቤት ውስጥ ነው። ለብ ያለ ከሆነ ወይ አየር ይዟል፣ ወይ የውሃ ድንጋይ ይዟል፣ ወይ ግርጌ ያለው ቫልቭ በግማሽ ተዘግቷል። እኔ ቫልቩን ነው የምጠረጥረው። ጠብታ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። አየሩን ጫፍ ላይ ያለውን ብሎን ላላ አድርገሽ አስተንፍሺው፤ ድንጋዩን በሆምጣጤ እጠቢው።

ሌላም አለ። ወደ ታንከሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ ውሃ ዝጊና የሻወሩን ሙቅ በኩል ክፈቺ። ታንከሩ ምንም ካልገባለት ምንም መስጠት የለበትም። ውሃው መውረዱን ካላቆመ ቀዝቃዛው በሻወሩ ማደባለቂያ ሾልኮ ከሙቁ ጋር እየተቀላቀለ ነው ማለት ነው። ስንቱ ሰው ይህን ሳያውቅ ደህና ሶላር አስነቅሎ ጥሏል!

ጥላስ ያርፍበታል? ፊቱስ እንዳልኩሽ ወደ ሰሜን ነው? በዓይን ግምት አይሆንም፣ በኮምፓስ ይታይ። እዚህ አንድም ጣሪያ ወደ ሌላ ዞሮ አታዪም።

ለአባባ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 2 ቀን

ወንድም ጋሼ፦

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለዋልክበት ሁሉ።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ፈቃድ ጠይቄ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። መጽሐፍ ስጠርዝ የኖርኩ ሰው መሰላል ላይ ምን እንደምመስል ተወው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ከታች መሰላሉን ይዛ "ብትቀደጂ አልሰፋሽም!" ትለኛለች።

መስታወቱን አጠብኩ። ላይኛውን ቧንቧ በጨርቅ ያዝኩት፣ ኋላም ጨርቁን ጥዬ በባዶ እጄ ያዝኩት፤ ትኩሳት ሊጀምረው እንደሆነ ሕፃን ግንባር ነው፣ ከዚያ አያልፍም። ብሎኑን አላላሁት፣ ውሃ እንጂ አየር አልወጣም። ቫልቩ ክፍት ነበር፤ እስከ መጨረሻው ድረስ አዞርኩት። ቀዝቃዛውን ዘግቼ ሻወሩን ስከፍት ግን ልክ እንዳልከው ውሃው መውረዱን አላቆመም! ከደስታዬ የተነሳ ጮህኩ፤ አባባ "ምን ሆንሽ?" ብለው ደነገጡ። ጠብታ መጥቶ ማደባለቂያውን ቀየረልን። ሁለት ቀን የተሻለ መሰለን። በሦስተኛው ያው ሆነ። በሆምጣጤም አጠብነው፣ አንድ ጭልፋ የማይሞላ ነጭ ድንጋይ ወጣ። ጥላ የለም። ፊቱ ሰሜን ነው፤ ኮምፓስ ከትምህርት ቤት ተውሼ አይቻለሁ፣ ንቅንቅ አላለም።

የአባባ ጉልበት ሁለት ጣት ያህል ታጥፎ ቀርቷል። ነርሷ ስትለካው አየኋት። እሳቸው ምንም አያማርሩም፤ ከምድጃ ወርዶ የቀዘቀዘውን ውሃ ሳፈስባቸው ዓይናቸውን ጨፍነው "ደህና ነው፣ ደህና ነው" ይላሉ። አንጀቴን ነው የሚበሉት።

ያዘዝከኝን ምርመራ ሁሉ አድርጌያለሁ። የቀረው የአንተ ዓይን ነው።

እህትህ


መጋቢት 20 ቀን

ወንድም ጋሼ፣ ሰላም ነህ? መልስህ ሳይመጣ ሌላ መጻፌ ነው።

ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ውሃው ይፋጃል። ማንም ምንም አልነካም።

አባባ ጻፊለት ያሉኝን ቃል በቃል እነሆ፦ "ልጄ፣ ሥራህን አይቼዋለሁ። ጥሩ ሥራ ነው።" ነርሷ ጉልበታቸውን በርትታ ብታሽላቸው ትንሽ ሊመለስ ይችላል ብላለች።

እህትህ


ሚያዝያ 28 ቀን

ለሚጢ፦

ሰላምና ጤና ለእናንተ ይሁን።

ማንም ምንም አልነካም ትያለሽ! ሆምጣጤውን ማን ነካው ታዲያ? ድንጋይ በአንድ ቀን አይለቅም፤ ቀስ ብሎ እየሟሸሸ ነው የሚወጣው። ነግሬሽ ነበር። እናንተ ዘንድ ባለሙያ የሚታመነው ውሃው እጅ ሲያቃጥል ብቻ ነው።

አባባ ያስጻፉሽን አንብቤዋለሁ። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ያቺን መስመር በመቀስ ቆርጬ የመሣሪያ ሳጥኔ ክዳን ላይ ለጥፌያታለሁ፤ ሳጥኑን በከፈትኩ ቁጥር አያታለሁ። በያቸው፦ "ለማንኪያ ብቻ የተፈጠረ" ያሉት እጅ ነው ውሃውን ያሞቀላቸው።

አይ፣ ይህን አትበያቸው። ሰላም ብሏል በያቸው።

ወንድምሽ


ኅዳር 18 ቀን

ለወንድም ጋሼ፦

እንደምን ከረምክ? እኛ እንዳለን አለን።

ውሃው እንደገና ቀዝቅዟል። ልክ እንዳምናው፣ ብርዱ እንደገባ። በኤሌክትሪክ የሚያግዘውን ዘንግ ልከህልን ተገጥሟል፣ እናመሰግናለን፤ መብራቱ ግን ጠዋት ጠዋት የውሃ ሽታ ነው። እንደገና ወጣሁ፣ እንደገና አጠብኩ፣ እንደገና አስተነፈስኩ። ጠብታን ስጠራው ራሱን አክኮ "እኔ እንደ ሥዕሉ ነው የሠራሁት" ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይወጣውም።

በሙቀቱ ወራት አባባ የአልጋውን ራስጌ ይዘው ሁለት ጊዜ ቆመው ነበር። አልጻፍኩልህም፣ ሦስተኛውን ጠብቄ ልጽፍልህ ነበር። ሦስተኛው አልመጣም። ጉልበታቸው ተመልሶ ታጥፏል፤ አሁን አራት ጣት ነው።

ዕቃ አትላክ። ራስህን ላክ። በዕድሜዬ ለምኜህ አላውቅም፤ አሁን ግን እየለመንኩህ ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለሚጢ፦

ሰላም ለቤቱ።

እኔ እዚህ ሆኜ የማየውን አንቺ እዚያ ቆመሽ አታዪም። ቫልቩ ነው! እጀታው ክፍት ሆኖ ውስጡ ሊጣበቅ ይችላል። ውሃውን ዝጊ፣ ፍቺው፣ ውስጡን እዪ። ዓመት ሙሉ ይህንኑ ነው የምጽፍልሽ፤ አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ሶላሩ ምንም የለውም። እንደዚህ ያለ ስንት መቶ ተክያለሁ፣ አንድም "መልሰህ ውሰድ" ያለኝ የለም።

ና ና እያልሽ ደግሞ አታድርቂኝ። ከዚያ ቤት የወጣሁት ተባርሬ ነው ባልልም ተሸኝቼም አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ አባባ አንድ ቀን "ና" ብለው አስጽፈውሽ ያውቃሉ? የጠራሽኝ አንቺ ነሽ። እሳቸው ሲጠሩኝ እመጣለሁ።

ወንድምሽ


ጥር 14 ቀን

ለወንድም ጋሼ፦

ሰላምታዬ ይድረስህ።

ቫልቩ ነበር። ስንፈታው ውስጡ ዝጎ ተጣብቋል። ልክ ነበርክ። ጠብታ ቀየረው፣ ውሃው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ይፋጃል፤ ዛሬ ጠዋት አባባን ያለ ምድጃ አጠብኳቸው።

አባባ "ና በይው" ብለዋል። ራሳቸው ናቸው ያሉት፣ እኔ አልጠየቅኋቸውም። "አሁን ይምጣ" ነው ያሉት። ሌሊት ሌሊት ያስላቸዋል። ቶሎ ብትመጣ ጥሩ ነው።

እህትህ


የካቲት 25 ቀን

ለሚጢ፦

እንደምን ናችሁ? እኔ በደስታና በንዴት መካከል ነኝ።

ደስታው አባባ ስለጠሩኝ ነው። ሰኔ ላይ እዚህ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ያኔ እመጣለሁ፤ ትኬት ማየት ጀምሬያለሁ። አንድ ቀን ሙሉ ጣሪያው ላይ ውዬ ሁሉንም ራሴ እፈትሻለሁ በያቸው። ታች ቁጭ ብለው ይዩኝ።

ንዴቱ ያንቺ ነው። በአንድ ቫልቭ! ሁለት የብርድ ወቅት አንድ ሽማግሌ በቀዝቃዛ ውሃ ሲታጠቡ የኖሩት በአንድ ቫልቭ! በመጀመሪያው ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር፤ "ክፍት ነበር" አልሽኝ። እዚህ ሠራተኛ እንዲህ ቢያደርግ በዚያው ቀን ነው የማሰናብተው። ያ ጉልበት የታጠፈው በማን እንደሆነ አንቺው አስቢው።

ወንድምሽ


መጋቢት 22 ቀን

ወንድም ጋሼ፦

በስልክ የሰማኸውን በወረቀትም ላስፍረው። አባባ ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። ሳንባ ምች ነው ብሎናል ሐኪሙ፤ ብዙ የተኛ ሰው ላይ ይበረታል አለ። በማግስቱ ቀበርናቸው። ጠብታም፣ ልብስ ሰፊዋም፣ ከነርሷ ጀምሮ ሁሉም ነበሩ። የድሮ የግንባታ ባልደረቦቻቸው አራት መጡ፤ ስለ አንተ ጠየቁኝ፣ በሥራው የታወቀ ሆኗል አልኳቸው።

ፈጣሪ ያጽናህ።

እህትህ


ግንቦት 6 ቀን

ለሚጢ፦

ያጽናሽ፣ ያጽናን።

አልተኛሁም። ልጽፍልሽ እቀመጥና እተወዋለሁ። ሁሌ የምመለሰው ወደ አንድ ነገር ነው። ያንን ቫልቭ በመጀመሪያው ዓመት ፈትተሽው ቢሆን ኖሮ እግራቸው አይታጠፍም ነበር። እግራቸው ባይታጠፍ አልጋ ላይ አይቀሩም ነበር። አልጋ ላይ ባይቀሩ ያ በሽታ አያገኛቸውም ነበር፤ ሰኔ ላይ ቆመው ይቀበሉኝ ነበር። ይህን መጻፍ ከባድ ነው፣ ግን እውነት ነው። ለአክስታችንም ደውዬ ይህንኑ ነግሬያታለሁ፤ ሰው ማወቅ አለበት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄ የጠሩኝ በመጨረሻ ነው። ያንን ነው የነጠቅሽኝ።

ወንድምሽ


ሰኔ 1 ቀን

ለወንድም ጋሼ፦

ሰላም ለአንተ ይሁን። አክስታችን መጥታ ነበር። በር ላይ ቆማ፣ ሳትቀመጥ፣ "አባትሽን በብርድ ገደልሽው?" አለችኝ። ልብስ ሰፊዋ እየሰማች። እንግዲህ ቃሌን እስከዚህ ድረስ ነው የጠበቅሁት፣ ከዚህ በላይ አልችልም።

ቫልቩ አልነበረም። ቫልቩ አንድ ቀንም ተጣብቆ አያውቅም። የጻፍኩልህ ውሸት ነው፤ ከአባባ ጋር ተማክረን ነው የጻፍነው።

ጥር ላይ የታኅሣሥ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ቫልቩን ልፈታ ስድስት ሰዓት ላይ ወጣሁ። ደክሞኝ ከሶላሩ ኋላ ተቀመጥኩና ጀርባዬን ስደገፍበት የጀርባው ቆርቆሮ አቃጠለኝ። ዞሬ መስታወቱን ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። እንደገና ጀርባውን፣ እንደገና መስታወቱን። ቀና ስል ፀሐይዋ ከደቡብ በኩል ነው ያለችው፤ ጀርባውን ትመታዋለች፣ የሶላሩ ጥላ ደግሞ ከፊቱ ተዘርግቷል። ጥላ ያርፍበታል ወይ ብለህ ስትጠይቀኝ ዛፍና ግድግዳ ነበር የምፈልገው። የራሱ ጥላ ነው ያረፈበት። በሙቀቱ ወራት ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ይሞቃል፤ በብርዱ ዝቅ ብላ በደቡብ ትሄዳለች፣ አንተ ደግሞ ፊቱን ወደ ሰሜን አድርጊ ብለሃል። አንተ ባለህበት፣ ከምድር ወገብ በታች፣ ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሄድ ይሆናል። እኛ ዘንድ አትሄድም። እዚህ ነው የተወለድከው፤ ታውቃለህ።

መሰላሉን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። "አባባ፣ ያ ነገር ለፀሐይ ጀርባውን ሰጥቷል!" አልኳቸው። "አውቃለሁ" አሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተተከለ ቀን ጀምሮ። አርባ ዓመት ግንበኛ ሆኜ ፀሐይ በየት እንደምትሄድ አላውቅም እንዴ? ይህን የምተኛበትን ክፍል መስኮት ወደ ደቡብ የከፈትኩት ለምን ይመስልሻል?"

ጮህኩባቸው። በአባቴ ላይ ጮህኩ፣ ይቅር ይበለኝ። "ታዲያ ሁለት የብርድ ወቅት ሙሉ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ውሃ ሳፈስብዎት ለምን ዝም አሉ?"

እሳቸው ናቸው የግድግዳውን ነገር ያኔ የነገሩኝ። እኔ ልጅ ስለነበርኩ መጣላታችሁን እንጂ በምን እንደተጣላችሁ አላውቅም ነበር። አንተ የገነባኸውን ግድግዳ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቱንቢ ጥለው፣ ጠማማ ነው ብለው በእግራቸው ገፍተው እንዳፈረሱት። "ይህ እጅ ለማንኪያ ብቻ ነው የተፈጠረው" እንዳሉ፣ ሁሉም እንደሳቀ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ "ማንኪያ" እንደሆንክ። በዓመቱ እንደሄድክ። "አንድ ጊዜ በሰው ፊት አፍርሼበታለሁ" አሉኝ፤ "ሁለተኛ አላፈርስበትም። ልጄ በሙያው ኮርቶ የላከልኝ ነው። ተሳስቷል ብዬ ላስጽፍለት? ብርዱን እችለዋለሁ።"

"ታዲያ ለምን አይጠሩትም? እየጠበቀ ነው" አልኳቸው። ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። አለቀሱ። አባባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። "እንዴት ልጥራው?" አሉ። "ከመጣ ጣሪያው ላይ ይወጣል። ከወጣ ያያል።"

ስለዚህ ነው ያልጠሩህ። አንተ ጥሪ ስትጠብቅ እሳቸው አንተ እንዳታፍር እየፈሩ ነበር።

እኔ ነኝ መላውን ያመጣሁት፦ እናዙረው፣ ቫልቩ ነበር እንበለው፣ ከዚያ ይምጣ። ተስማሙ። እንደ ልጅ ነው ደስ ያላቸው። ጠብታ ሁለት ሰው ይዞ መጥቶ በግማሽ ቀን አዞረው። "እኔ ሌላውን ሁሉ ወደ ደቡብ ነው የምተክለው፣ ባለሙያው ጽፏል ስትይኝ ነው ዝም ያልኩት" አለኝ። አባባ አስጠርተው ለማንም ትንፍሽ እንዳይል አስማሉት፤ እኔንም አስማሉኝ። በማግስቱ ውሃው ፈላ። ያን ዕለት ነው "አሁን ይምጣ" ያሉት።

አንተ ሰኔ አልክ። ቀኑን በመስኮቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ እያሰመሩ ይቆጥሩ ነበር።

ሐኪሙ ቀዝቃዛው ውሃ ነው አላለም፤ እኔም አልልህም። በየካቲት ደብዳቤህ የሰደብከኝን ግን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ ሳልዘል። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። "ቻይው፣ ስለ እኔ ብለሽ ቻይው" አሉኝ። ቻልኩት። "ጥሩ ሥራ ነው" ብለው ያስጻፉልህንም ያስጻፉት እያወቁ ነው፤ ይህን ባልነግርህ እወድ ነበር፣ አክስታችንን ባትልክብኝ ኖሮ።

ውሃው አሁን ቀን ከሌት ይፋጃል። የሚታጠብበት እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ በቀዝቃዛ ለምጃለሁ።

እህትህ


ነሐሴ 29 ቀን

ሚጢ፦

ሰላምታ ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ወር አልፏል። ለአክስታችን ደውያለሁ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሚጢ አይደለችም ብያታለሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ወደ አንቺ መጥታ ይቅርታ ትጠይቅሽ እንደሆነ አላውቅም። ካልመጣች ይህን ወረቀት አሳያት።

ትኬቱን መልሻለሁ። አሁን ብመጣ ምን ብዬ ነው የምቆመው፣ እዚያ ግቢ ውስጥ?

ሥዕሉን ስስልልሽ አንድ ጊዜም አላመነታሁም። ቀስቱን ወደ ሰሜን አሰመርኩና ፖስታውን አሸግኩ። እዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው የሠራሁት፣ እጄ ራሱ ይዞራል። ልጅ ሆኜ ጠዋት ጠዋት በአባባ መስኮት በኩል ፀሐይ ስሞቅ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ያ መስኮት ወደ የት እንደሚያይ አንድ ደቂቃ ባስብ ኖሮ ይበቃ ነበር። አላሰብኩም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ግድግዳው ጠማማ ነበር። ቸኩዬ ቱንቢ ሳልጥል ነው ያቆምኩት፤ ማታ ላይ ሳየው ራሴም ታውቆኝ ነበር፣ ዝም አልኩ። አባባ ልክ ነበሩ። ያናደደኝ ሳቁ ነው። እዚህ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ ቀጥ ያለ ግድግዳዬን አባቴ አፈረሰብኝ እያልኩ ነው የኖርኩት፣ እስካለፈው ወር ድረስ።

ታዲያ ይህንንስ ለምን አላፈረሱትም? ያንን ያፈረሱ ሰው፣ ይህን እያዩት፣ ከሥሩ ተኝተው! "ማንኪያው ዛሬም አልተማረም፣ ፀሐይ በየት እንደምትወጣ ረስቷል" ብለው በመጀመሪያው ቀን ቢያስጽፉሽ ምን ነበረበት? እቆጣ ነበር፣ አውቀዋለሁ። ምናልባት ዳግመኛ አልጽፍላችሁም ነበር፤ ሌላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አኮርፍ ነበር። እሳቸው ግን በሙቅ ውሃ ይታጠቡ ነበር።

ወንድምሽ